ሥራ፣ የዘጠኝ ወር ልጅና ሦስት ዘፈን፦ አንዲት እናት ጠይቃ 22 ሰው የመለሰበት ክር

ጥያቄውን በኢንተርኔት ላይ፣ መልሶች ከሥሩ እንደ ክር በሚቀጠሉበት መድረክ፣ የለጠፈችው የፍሬ እናት በሚል ስም የምትጽፍ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ቢሮ ናት፣ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ትሠራለች፣ ልጇ ዘጠኝ ወር ሆኗታል። ግጥሙን ራሷ የጻፈችው፣ ዜማውን ከጓደኛዋ ጋር የሠራችው ሦስት ዘፈን አላት፤ አንዱ በትዝታ ማይነር ቅኝት፣ አንዱ በአምባሰል፣ ሦስተኛው በአንቺሆዬ ሆኖ በቺክቺካ ምት የሚሄድ። አሳታሚ አትጠብቅም። ባሏ በሳምንት ሁለት ማታ፣ ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት፣ ልጅቷን ሊይዝላት ተስማምቷል። የጠየቀችው ይህ ጊዜ ይበቃል ወይ፣ ድምፁን ቤቷ ቀድታ ሦስቱንም በአንድ ዓመት ማውጣትስ ትችላለች ወይ ብላ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ወሩ ኋላ ላይ ቁም ነገር ሆኖ ይመጣል።

1ኛው መልስ ምርቃት የበዛበት ነው። ከምርቃቱ በኋላ የመጣው ምክር አንድ እሑድ ስቱዲዮ ተከራይታ ሦስቱንም በአንድ ቀን ቀድታ እንድትገላገል ነበር።

2ኛው ወዲያው አረመው። ሙሉ ድምፅ አውጥቶ የሚዘፍን ሰው ሁለት ሰዓት ካለፈው ጉሮሮው መሻከር ይጀምራል፤ ለሦስተኛው ዘፈን የሚተርፈው ድምፅ በመጀመሪያው ላይ የነበረው አይደለም። ደግሞም ስቱዲዮ በቀጠሮ ነው፣ የልጅ ትኩሳት ግን ቀጠሮ አያውቅም። ያን እሑድ ልጅቷ ብትታመም ቀብዱ ይቀልጣል። ቤት መቅዳቱ እንደሚሻል፣ ስቱዲዮው ለሚክስ፣ ማለት የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማዋሃድ፣ ብቻ እንዲቀር ጻፈላት።

3ኛው መልስ ቀረጻ ክፍል በሚል ስም ከሚጽፍ ባለሙያ የመጣ ነው፤ በክሩ ውስጥ ረጅሙም እሱ ነው። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ላፕቶፕ፣ ማይኩን ከላፕቶፑ የሚያገናኝ፣ እንደ ስካርሌት ሶሎ ያለ ባለ አንድ ማይክ ኢንተርፌስ፣ ኮንደንሰር ማይክ ከነገመዱና ከነማቆሚያው፣ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ሄድፎን ናቸው። ማይኩን ከትንፋሽ ምት የሚከልለው ፖፕ ፊልተር በሽቦ ቀለበት ላይ ከተወጠረ የሴት ስቶኪንግ ይሠራል። ከንፈሯ ከማይኩ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ፊልተሩ መሐል ላይ ይሁን። ጌይኑ፣ ማለት የማይኩ ድምፅ የሚጎላበት ልክ፣ የሚለካው በመናገር አይደለም፤ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ እየዘፈነች ነው፣ ሜትሩ ከ-12 እስከ -6 ዲቢ መካከል እስኪቆም። ዜሮን የነካ ድምፅ ይሰበራል፤ የተሰበረውን ደግሞ የሚክስ ባለሙያ በወጉ አይጠግነውም። ፋይሉ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ሞኖ ይሁን። አራት ደቂቃ 35 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሃያ ቴክ፣ ማለት ሃያ ጊዜ ተዘፍኖ፣ ቢቀዳ 700 ሜጋባይት ነው፣ ስለዚህ 16 ጊጋ ፍላሽ ለሦስቱም ዘፈን ይተርፋል። ለሶፍትዌሩ ሪፐር የተባለው የመቅጃ ፕሮግራም 60 ቀን በነጻ ይሞከራል፣ ከዚያ ለግል ተጠቃሚ 60 ዶላር ነው። የራሷ ድምፅ በሄድፎኑ ዘግይቶ ከመጣባት በሶፍትዌሩ ውስጥ ድምፁን የሚያቆየውን ባፈር ወደ 128 ታውርድ፤ ካልሆነም ድምፅዋን በላፕቶፑ ሳያልፍ በቀጥታ የሚያሰማትን፣ ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን የዳይሬክት ሞኒተር ቁልፍ ትጫን።

ብርድ ልብሱ ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር አነሣ። ሰው ሁሉ ወፍራሙን ጨርቅ የሚሰቅለው ከማይኩ ጀርባ ነው። ማይኩ ግን የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ ዘፋኟና ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ጀርባዋን ልብስ ለሞላው፣ በሩ ለተከፈተ ቁም ሣጥን ሰጥታ ትቁም፤ ጋቢና ብርድ ልብስም የሚሰቀለው በስተጀርባዋና በጎንና ጎኗ ነው።

4ኛው ይህን ሁሉ አመስግኖ አንዱን ቃል ብቻ ሊቀይር ፈለገ፣ ኮንደንሰር የሚለውን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮንደንሰር ማይክ የፍሪጁን ሞተር፣ የጎረቤትን ቴሌቪዥንና የደረጃውን ኮቴ ለቅሞ ያመጣል። እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ዳይናሚክ ማይክ በአራት ጣት ርቀት ቢዘፈንበት የክፍሉ ድምፅ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ኢንተርፌሱ ለማይክ የሚልከውን 48 ቮልት ፋንተም ፓወርም አይጠይቅም። ጉዳቱ ጌይኑ ከፍ እንዲል መጠየቁ ነው፤ ርካሽ ኢንተርፌስ ደግሞ እዚያ ላይ ሽሽሽ ማለት ይጀምራል። ቀረጻ ክፍል በኋላ ተመልሶ ጮኽ ብሎ ለሚዘፈነው እንደሚስማማ፣ በለሆሳስ ለሚዘፈን ትዝታ ግን የትንፋሹን ዝርዝር እንደሚበላ ጻፈ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጠያቂዋ የቱን እንደምትገዛ እዚህ ላይ ግራ ሳይገባት አልቀረም።

5ኛው የጠየቀው ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደምትኖር ብቻ ነው። አራተኛ፣ የመጨረሻው፣ ብላ መለሰች። ያኔ ነገሩ ተለወጠ። የመጨረሻው ፎቅ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው፤ ክረምት ሲገባ በኮርኒሱ በኩል የሚመጣውን የዝናብ ድምፅ የሚያስወግድ ፊልተር የለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶ የሚሞላው ሌሊት ነው፤ የፓምፑ ጉርምርምታ በግድግዳው በኩል አልፎ ወደ ማይክ ማቆሚያው ይወጣል። የፈረቃውን ቀን አውቃ ሁለቱን ማታዎች ከዚያ ታሽሽ፤ ማቆሚያውን በታጠፈ ፍራሽ ወይም በወፍራም ምንጣፍ ላይ ታቁም።

6ኛው የቀን መቁጠሪያ አወጣላት። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም የድምፅ ቀረጻ የለም፤ ያ ጊዜ ለግጥም፣ ለሚክስና ለሽፋን ሥራ ይሁን። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ስለሆነ ተጫዋቾች አይገኙም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሠርጉ ስለሚቆም ክራርና ማሲንቆ የሚያስገባ ሰው በጊዜ ይገኛል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ግን ለፋሲካ ሊያወጡ በሚጣደፉ ዘፋኞች ይሞላሉ፣ እዚያ ውስጥ ከገባች ሥራዋ ከወረፋው ጭራ ላይ ይውላል።

7ኛው ስለ መብራት ነው፣ አጭር። ቀረጻ ላይ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፤ ግራውንድ በሌለው ሶኬት ላይ የሚሰማው የ50 ኸርዝ እዝዝታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። ባትሪው አንድ ሰዓት ካልያዘ ከማይክ በፊት ባትሪ ይገዛ። በየቴኩ ሴቭ ይደረግ።

8ኛው መልስ ላይ የክሩ ጠባይ ተበላሸ። ጸሐፊው ዘጠኝ ወር የሞላት ልጅ እናቷን እንደምትፈልግ፣ ሙዚቃ ልጅቷ ትምህርት ቤት እስክትገባ መቆየት እንደሚችል፣ ቀን ቢሮ ማታ ማይክ ካለ ለልጁ የሚተርፍ እንደሌለ ጻፈ። አጻጻፉ ምክር ይመስላል፤ መጨረሻው ላይ የጨመራት የናይት ክለብ ነገር ግን ምክር አልነበረችም። ጠያቂዋ ስለ ክለብ አንድ ቃል አልተናገረችም።

9ኛው በስድብ ሳይሆን በሒሳብ መለሰለት። ጠያቂዋ የያዘችው ጊዜ በሳምንት 120 ደቂቃ ነው፤ ልጅቷም በዚያ ሰዓት ተኝታለች። አንድ የእንግሊዝ ጨዋታ ከነዕረፍቱ 105 ደቂቃ ይወስዳል፣ ከጨዋታው በፊት ያለው ትንተና ሲጨመር ሁለት ሰዓት ያልፋል። ቅዳሜና እሑድ ስንት ጨዋታ እንደሚያይ ሰውየውን ጠይቆ አበቃ። ከዚያ አራት ሰዎች ስለ አርሰናል መጻፍ ጀመሩ። እነሱን ቁጥር ሳልሰጥ አልፌያቸዋለሁ፤ ለዘፈን የሚጠቅም አላገኘሁባቸውም።

10ኛው ክሩን መለሰው። ሦስት ሰዓት ማታ በሚል ስም የምትጽፍ ሴት ናት፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው መልስ የእሷ ነው። ሥራው ሁሉ ጸጥታ አይፈልግም አለች። ግጥም ማስተካከል፣ ዜማውን በቃል መያዝ፣ ከአቀናባሪው የመጣውን መስማት፣ ቅጽ መሙላት፣ ሽፋን መምረጥ፣ ይህ ሁሉ ልጅ አዝሎም ታክሲ ውስጥም ይሠራል። ጸጥታ የሚፈልገው ዋናው ድምፅና አጃቢው ድምፅ ብቻ ነው። ለአንድ ዘፈን ሁለት ማታ ለዋናው፣ አንድ ማታ ለድርብና ለኮረስ፣ አንድ ማታ ለጉድለት፤ አራት። ሦስቱ ዘፈን አሥራ ሁለት ማታ ነው። ዓመት ተብሎ የተፈራው ነገር እንግዲህ ይህ ነው። አንዱን ሰዓትም ከፋፈለችው፦ አሥር ደቂቃ በዝግ አፍና በከንፈር እያርገበገቡ ማሟሟቅ፣ አምስት ደቂቃ ጌይን ማየት፣ 35 ደቂቃ መቅዳት፣ አሥር ደቂቃ ፋይሉን ሰይሞ ወደ ፍላሽ መገልበጥ። በ35 ደቂቃ ውስጥ ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ፣ ከዚያ የተበላሹት ስንኞች ለየብቻ። የትኛው ቴክ እንደሚሻል ማታውኑ አይመረጥም፤ የደከመ ጆሮ ከስሜቱ ይልቅ ጩኸቱን ይመርጣል። በማግስቱ ምሳ ሰዓት በሄድፎን ይሰማ።

11ኛው አሥራ ሁለት የሚለውን ሳቀበት። ጥርስ ማብቀል፣ ጉንፋን፣ መብራት መጥፋት፣ የወር መጨረሻ የሒሳብ መዝጊያ፤ ግማሹ ማታ ይበላሻል፣ ስለዚህ 24 ተብሎ ይታቀድ። የሚበላሸውን ለመቀነስም የሚያዋጣ ነገር ሰጠ። ዕቃ ማውጣትና ማስገባት ከአንድ ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ ይበላል። ማይኩ ማቆሚያው ላይ ሆኖ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ ልጅ የማይደርስበት ጥግ ይደር። የምትቆምበት ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ይለጠፍ። የኢንተርፌሱ ቁልፎች በስልክ ፎቶ ይነሡ። ይህ ካልተደረገ የማክሰኞው ድምፅና የሐሙሱ ድምፅ አንድ ስንኝ ውስጥ ሲገናኙ የሁለት ሰው ይመስላሉ።

12ኛው ከርዕሱ ወጣ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሌላ ተሳታፊ የወሊድ ፈቃዷን ለቀረጻ ልታውለው አስባ ስንት ቀን እንዳላት ጠየቀች። 13ኛው አራት ወር ነው አላት። 14ኛው አረመ፦ በአዋጅ 1156/2011 ለግል ድርጅት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ነው፣ የሥራ ቀን የሚለው ቃልም ዋጋ አለው። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ 90ው ቀን 15 ሳምንት፣ አምስት ቀን ለምትሠራ 18 ሳምንት ይሆናል። በዚያው እስትንፋስ ግን ፈቃዱን ለቀረጻ ማቀድ የዋህነት መሆኑን ነገራት። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ሐኪም ሳይፈቅድላት ከሆዷ ገፍታ መዝፈን የለባትም፤ በመደበኛ የወለደችም ከፍ ያለ ድምፅ ስትይዝ ሽንት የሚያመልጣት ከሆነ የዳሌ ወለል ጡንቻዋ ገና አልጠነከረም ማለት ነው፣ በማስገደድ አይሻልም፣ ለሐኪም ትንገር። ለፍሬ እናትም አንድ ነገር ጨመረ፦ ለሚክስ ስቱዲዮ በምትቀመጥበት ቀን የታለበ ጡት ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ልጅቷን ግን ሞኒተር ስፒከር ወደሚጮህበት ክፍል አታስገባ።

15ኛው ስለ ቁልፍ ነው፣ ማለት ዘፈኑ ከየትኛው ድምፅ እንደሚነሣ። ብዙዎች ቁልፉን የሚመርጡት እሑድ ረፋድ፣ ተኝተውና ዐርፈው ነው። ቀረጻው ግን ቀኑን ሙሉ በስልክ ስታወራ በዋለች ጉሮሮ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። እሑድ የተመረጠው ቁልፍ ማክሰኞ ማታ ይሰቀልባታል። ቁልፉ በቀረጻው ሰዓት ይመረጥ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። አቀናባሪው ክራርና ማሲንቆ ካስገባ በኋላ ቁልፍ መቀየር እንደገና መክፈል ነው።

16ኛው በቺክቺካው ላይ የሚደርሰውን ስሕተት በቁጥር አሳየ። ዘፋኟ በእግሯ የምትመታው ምት በደቂቃ 100 ነው እንበል። በ6/8 ያ ምት ባለ ነጥብ ሩብ ኖታ ነው፤ ብዙ ሶፍትዌር ግን ቢፒኤም፣ ማለት በደቂቃ ያለውን የምት ብዛት፣ የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው። ስለዚህ 100 ብላ ለአቀናባሪው ከላከች ክሊኩ፣ ማለት ሶፍትዌሩ የሚያሰማው የምት መጠበቂያ፣ ከእግሯ ጋር አይገጥምም፣ ሶፍትዌሩ ላይ 150 መሆን አለበት። እሷ ቁጥር ብቻ ከምትልክ በስልኳ እያጨበጨበች የዘፈነችውን መምሪያ ቀረጻ (ጋይድ) አብራ ትላክ። ስታስረክብም ሁሉም ዌቭ ፋይል ከዜሮ ይጀምር፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ የሚጀምር ኮረስ እንኳ ፊቱ ያለው ጸጥታ ተቀድቶ ይሂድ። ኤምፒስሪ መላክ ለመስማት እንጂ ለሚክስ አይሆንም።

17ኛው ባለ ክራሩ ነው፣ ቁጡ ሰው። የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር የኛን ቅኝት እንደሚገድል ጽፎ፣ ምክንያቱን ግን በትክክል አስቀመጠ። ሶፍትዌሩ በሲ ሜጀር ተከፍቶ ከቀረ አምባሰልን ይሰብራል፤ በፈረንጁ የኖታ ስም ከሲ ሲነሣ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፣ ማረሚያው ዲ ፍላቱን ወደ ሲ ወይም ወደ ዲ ይጎትተዋል። አንቺሆዬ ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ስለሆነ የባሰ ነው። አምስቱን ድምፅ ብቻ በእጅ መምረጥ ይረዳል፤ ሆኖም የማረሚያው ፍጥነት ዜሮ፣ ማለት በቅጽበት የሚያርም፣ ከሆነ ከዲ ፍላት ወደ ኤፍ በቅላጼ የሚንሸራተተው ድምፅ እንደ ደረጃ ይዘላል። ፍጥነቱ ይዘግይ፣ የተሳተው ቃል ላይ ብቻ ይደረግ፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን ስንኙን እንደገና መዝፈን ነው። ለትዝታ ማይነሩም ሌላ የድምፅ ዝርዝር አዘጋጂ ብሏት ነበር።

18ኛው እዚያች ላይ ያዘው። ከኤፍ የሚነሣ ትዝታ ማይነር ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ፍላት ነው፤ ከሲ ከሚነሣው አምባሰል ጋር ድምፆቹ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ነው፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ማረፊያ አያውቅም። ሁለቱ ዘፈኖች በእነዚህ ቁልፎች ከተሠሩ አንድ ዝርዝር ይበቃቸዋል። ባለ ክራሩ አልመለሰም፤ እንደ እሱ ላለ ሰው ዝምታ ራሱ መስማማት ነው።

19ኛው ወደ ወረቀት ገባ። ዜማው የሁለት ሰው ነው፤ ድርሻው ዘፈኑን አቀናባሪ ሳይነካው በፊት በጽሑፍ ይለይ። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብርና የተቀዳው ድምፅ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው የሁሉም ባለቤት ይመስለዋል፣ አይደለም። መብቱ የሚገኘው ግን በምዝገባ እንደሆነ ጽፎ ተሳሳተ። 20ኛው አስተካከለ፦ በአዋጅ 410/1996፣ በ872/2007 በተሻሻለውም፣ ሥራው ወጥ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ጥበቃው ይጀምራል፤ በስልክ የተቀዳ ዜማም ተቀርጿል። ምዝገባ ለማስረጃ ይጠቅማል። መብት ማስተላለፍ ግን በጽሑፍ ነው። ከአቀናባሪው ጋር በሚፈረመው ወረቀት ላይ አንድ መስመር አይቅር አለ፦ የመጨረሻው ክፍያ የሚሰጠው እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የወጣበት ስቴም በእጅ ሲገባ ነው። ሀርድ ዲስክ ይቃጠላል፣ ሰው አገር ይለውጣል። ከኢንተርኔት በጋራ ፈቃድ የተገዛ ቢት ላይ የተዘፈነ ዘፈንም የዘፈንን ባለቤት በሚለየው በዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ አይመዘገብም፣ ያው ቢት የሌሎችም ስለሆነ።

እዚህ መሐል አንዱ በራስ አቅም ማሳተም የኢንተርኔት ዘመን ነገር ነው ብሎ ስለነበር፣ የሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የሀገር ፍቅር ቲያትር ብቸኛ የማሳተም መብት ሳይበግረው የራሱን አምሃ ሬከርድስ እንዳቋቋመና ሸክላውን ውጭ አገር እያሳተመ እንዳመጣ 20ኛው አስታወሰው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግን ልክ ነው።

21ኛው ከአሜሪካዋ ስልቨር ስፕሪንግ የምትጽፍ ናት፣ ስለ ማከፋፈል። ዘፈንን ወደ ስፖቲፋይና መሰል መድረኮች የሚያደርሰው ዲስትሮኪድ በዓመት ይከፈልበታል፤ ክፍያው ሲቋረጥ፣ ዘፈኑን ለዘለቄታው የሚያቆየው ተጨማሪ ክፍያ ካልተከፈለ፣ ዘፈኑ ይወርዳል። ሌላው አከፋፋይ ሲዲ ቤቢ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ ሥራ አንዴ ይከፈለዋል፤ ከዲጂታል ገቢው ግን 9 በመቶ ይወስዳል። ሦስት ዘፈን ብቻ ላላትና በየዓመቱ ዶላር መክፈል ለሚከብዳት ሁለተኛውን መረጠችላት። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን በ12 ወር 1,000 ጊዜ ካልተሰማ እንደማይከፍል፣ ለአርታኢዎች የሚቀርበው ጥያቄም ከመውጫው ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ መግባት እንዳለበት ጻፈች። ማስተሩ፣ ማለት የመጨረሻው የተስተካከለ ቅጂ፣ በጩኸት መለኪያው -14 ሉፍስ አካባቢ፣ ጫፉ ከ-1 ዲቢ ያልበለጠ። የሽፋን ሥዕል 3000 በ3000። አሜሪካ ባለ ዘመድ ስም አካውንት መክፈት ብዙዎች የሚያደርጉት አቋራጭ ነው፤ የግብር ቅጹ በዘመዱ ስም ስለሚሞላ ገቢውም በሕግ የዘመዱ ገቢ ይሆናል፣ ወንድምና እህት ያጣላል ብላ አስጠነቀቀች።

ጠያቂዋ ከአምስት ቀን በኋላ ተመለሰች። ትዝታውና አምባሰሉ እስከ ግንቦት፣ አንቺሆዬው ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ወስናለች። ማይኩ ዳይናሚክ ነው፣ ቁልፉ በአንድ ድምፅ ወርዷል፣ የፓምፑ ማታ ዓርብ ስለሆነ ማክሰኞና ሐሙስን ይዛለች። የሦስተኛውን ዘፈን ርዕስም ነገረች፣ ውስጡ ፀሐይ የሚል ቃል አለበት።

22ኛው ይህን አይቶ በየትኛው ፀ ብሎ ጠየቀ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፤ ፈላጊው በአንዱ ጽፎ ዘፈኑ በሌላው ከተመዘገበ ላያገኘው ይችላል። አንዱ ለርዕሱ ተመርጦ ሌሎቹ በዩቲዩቡ መግለጫ ውስጥ ይግቡ፤ የራሷም ስም በሦስቱም ዘፈን ላይ ፊደል ሳይለወጥ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ሁለት ዘፋኝ ሆና ትመዘገባለች። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ገጽ ሙሉ በፀሐዩ ፀና በጸሎቱ ጸ ላይ የተነሣ ጠብ ነው፣ ባለ ክራሩም ተመልሶ ገብቶበታል።